ማግኔት የሚከተል ድንጋይ

ጉዳዩ በጠቅላላው ያሳጣኝን አስቀድሜ ልናገር። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር የነበረኝን ሱቅ አሳጣኝ። የድንጋይ ንግዴን አሳጣኝ። አቶ ደምሴ የሚባል ወዳጅ አሳጣኝ። ስሜን ሳይቀር ወሰደብኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝ እንድሪስ ነው፣ ጉለሌ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ «ማግኔቱ» ብሎኝ ቀረ። አጭበርብሬ የደረሰብኝ ቢሆን አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። እውነት ተናግሬ ነው። ያውም ማንም ማስረጃ ሳይጠይቀኝ፣ ሳፋ ሙሉ ውሃ አስመጥቼ፣ እንደ አስተማሪ ፊት ለፊት ቆሜ እያስረዳሁ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጡረታ ስል መንግሥት የሚቆርጥልኝ ነገር አለ ማለቴ አይደለም፤ ዓይኔ ነጩን አዝራር ከክሬሙ መለየት ስላቃተው መርካቶ ያለችውን የአዝራርና የክር መደብሬን ለልጄ ለቅቄ ቤት ዋልኩ ማለቴ ነው። ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ጠያቂ ይበዛበታል። «ጋሽ እንድሪስ፣ ከአዝራር በፊት ምን ትሠራ ነበር?» ይሉኛል። «ድንጋይ እነግድ ነበር፤ ጋርኔት» እላለሁ። «አሃ፣ ሩቢ!» ይላል ሰውየው። ጋርኔት አልኩህ እኮ! በዚህች ቃል ዕድሜዬ አለቀ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልረፍ አልኩ።

ከደሴ የመጣሁት ጺም አብቅዬ፣ ለሥራም ለሚስትም ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ መርካቶ አንድ የየመን ዓረብ ዘንድ ተቀጥሬ ጨሌ በትሪ ዘርግቼ እሸጥ ነበር። ዓረቡ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ከደመወዝ ጋር አይተዋወቅም። ለእሱ ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ አንድ ነው። ድንጋዩም፣ የተሰበረ ጠርሙሱም፣ ከሰው ኮት ላይ የወደቀው ቁልፍም እኩል ተደርድሮ እኩል ይማልበታል። እኔም ከእሱ የተማርኩት መማልን ነው፤ ድንጋይ አላስተማረኝም።

አንድ ቀን ከቦረና በኩል ከብት ነድቶ የመጣ ሰው ከመሐረቡ ጫፍ ፈትቶ አንድ ቀይ ድንጋይ አሳየኝ። ያለኝን አራግፌ ገዛሁት። ሩቢ መሰለኛ! ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ሌሊቱን ቤት ስሠራ አደርኩ፤ ባለ ፎቅ። ጠዋት «ጉለሌ አንድ አርመን አለ፣ ድንጋይ ያውቃል» ሲሉኝ በእግሬ ወጣሁ።

አርመኑ ሙሴ ሃጎፕ ይባላል። አጭር፣ ወፍራም፣ ከአፉ ይልቅ ቅንድቡ የሚናገር ወርቅ ሠሪ ነበር። አማርኛውን የለመደው ቤቱ ከምትሠራው ሴትዮ ጋር ሲነጋገር ስለሆነ ሰውን ሁሉ፣ ፊታውራሪም ይሁን ዘበኛ፣ «አንቺ» ነው የሚለው። ድንጋዬን ተቀበለኝና እፍ አለበት። ትንፋሹ ድንጋዩ ላይ ጉም ሠርቶ ወዲያው ጠፋ። የላይኛው ከንፈሩ ላይ አሳረፈው። ከዚያ በሩ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ለፀሐይ፣ ፊቱን ለእንጦጦ ሰጥቶ ድንጋዩን ሲያገላብጥ ቆየ። ቀጥሎ ከኋላ ወዳለው መጋረጃ ገባ። የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ሲወጣ ድንጋዩን በነጭ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝ።

«ጋርኔት ነች። ጥሩ ጋርኔት ነች።»

«ሩቢ አይደለም?» አልኩ፤ ባለ ፎቁ ቤት ዓይኔ እያየ ሲፈርስ።

«አንቺ ስምሽ ማነው?»

«እንድሪስ።»

«ከበደ አይደለሽም?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ከበደ አይደለሁም ብለሽ ታለቅሻለሽ? እሷም ጋርኔት ነች። ምን ሆነች?»

በዚያው ቀረሁ። መጀመሪያ ድንጋይ እያመጣሁ እሸጥለት ነበር፤ ኋላ ደመወዝ ቆረጠልኝ። ደመወዙ የሚበላ ነበር፤ በቃ፣ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አይወራም።

የሙሴን ጠባይ የቻለ ሰው የትም ሄዶ ይኖራል። ድንጋይ የሚያየው ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ንጉሥ ቢመጣ «ነገ» ነው መልሱ። ፀሐይ ላይ አያይም፤ «ፀሐይ ደላላ ነች፣ ሁሉንም ታሞጋግሳለች» ይላል። አንድ ቀይ ድንጋይ ካየ በኋላ ሌላ ከማንሳቱ በፊት የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ቆሞ ያያል፤ ዓይኑን በአረንጓዴ ያጥባል መሆኑ ነው። ደንበኛ እየጠበቀው፣ መኪና እያጮኸበት፣ እሱ ባሕር ዛፍ ያያል! እኔን አንድ ቀን ቀይ ሹራብ ለብሼ ብመጣ ከበር መለሰኝ። «ሹራብሽ ድንጋይ ላይ ይወድቃል፣ ቀለሟን ታበላሺያለሽ፣ ሂጂ።» በብርድ ያለ ሹራብ ዋልኩ።

ከሁሉ የበለጠበት ግን ያ መጋረጃ ነው። በዕቃ የሚያደርገውን ፈተና ሰው ፊት አይሠራም። ማጉያ መነጽሩም፣ መቧጨሪያውም፣ የውሃ ሳህኑም ያሉት ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ባለ ድንጋዩ የሚሰማው መልሱን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ «ለምን አናሳያቸውም? አምነው ይሄዱ የለ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሐኪም ሽንትሽን ሲመረምር አንቺ አብረሽ ታያለሽ?»

«አላይም።»

«ብታዪስ ይገባሻል?»

«አይገባኝም።»

«እንዲያውም ትታመሚያለሽ። በይ መጋረጃውን ዝጊ።»

እንግዲህ ስለ ድንጋዩ ልናገር፤ ሳይገባው የሚፈርድ ሰው ሰልችቶኛል። ጋርኔት አንድ ድንጋይ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። አብዛኛው ጥቁር ቀይ ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያዩት ከሰል ይመስላል፣ ወደ ብርሃን ሲያነሱት የበሰለ ኮሽም ይሆናል። ወደ ብርቱካን የሚያደላም አለ፤ እሱ ውስጡን ሲያዩት ውሃ ውስጥ ማር ሲሟሟ እንደሚወዛወዘው ይወዛወዛል። አረንጓዴም አለ ይባላል። ሙሴ አይቻለሁ ይል ነበር፤ እኔ ስላላየሁ አልመሰክርም። እኔን የገዛኝ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ቀይ ነው፤ የቀይ ሥር ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ መስኮት ላይ ብታስቀምጡት የሚሆነውን ይሆናል።

ሳይቆረጥ ከመሬት ሲወጣ ክብ መሳይ ነው፤ ዙሪያውን ግን የጥለት ላይ ጌጥ የመሰሉ ሰያፍ አራት ማዕዘን ገጾች አሉት። ሽሮ ሜዳ ወስጄ ለሸማኔዎች ሳሳያቸው «ይህን ማን ጠረበው?» ይሉኝ ነበር። ማንም አልጠረበውም፤ እንዲሁ ተወለደ። አንዳንዱ ውስጥ በማጉያ ሲታይ እንደ ድርና ማግ የተጠላለፉ ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። ያ ጥሩ ምልክት ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ የሚገኘው አረፋ ነው። ብርጭቆ ከንፈር ላይ ለብ ይላል፣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ከሩቢ ለመለየት ደግሞ እያዞሩ ማየት ነው፤ ሩቢ በአንድ ጎኑ ሌላ ቀይ፣ በሌላው ጎኑ ሌላ ቀይ ያሳያል፣ ጋርኔት በየትም ቢያዞሩት ያው ነው። ሩቢ ጋርኔትን ይቧጭራል፣ ጋርኔት ሩቢን አይቧጭርም።

የመጨረሻው ፈተና ማግኔት ነው። ሙሴ ከአሮጌ የጣሊያን ካሚዮን የወጣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ጠንካራ ማግኔት ነበረው። ድንጋዩን ቡሽ ላይ አስቀምጦ ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ማግኔቱን ሲያስጠጋ ጋርኔት ከሆነ ቡሹ ቀስ እያለ ይከተላል። ሩቢ ዝም ይላል። ብርጭቆም በአብዛኛው ዝም ይላል። ይህ የሆነው ጋርኔት በተፈጥሮው ውስጡ ትንሽ ብረት ስላለው ነው። ብረት አለው ማለት ብረት ነው ማለት አይደለም! ጎመንም ብረት አለው ይላሉ ሐኪሞች፤ በጎመን በር የሠራ ሰው አላየሁም።

ሙሴ እያረጀ ሲሄድ በፈቃዱ ወጥቼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ማግኔት ከጋራዥ ገዛሁ፣ መጋረጃም ሰቀልኩ። ደንበኛ ይመጣል። «ይህ ቀይ ምንድን ነው?» ጋርኔት ነው። «ሩቢ የለህም?» የለኝም። «ሩቢ ነው ብትለኝ ምን ይጎድልብሃል?» እኔስ ምን ይጎድልብኛል፣ አንተ ሄደህ ሌላ ቦታ ስታስመዝነው ነው የሚጎድለው። «እንግዲያው ተወው።» ይሄድና ከወዲያኛው ሱቅ ሩቢ ነው የተባለ የኔኑ ዓይነት ጋርኔት ገዝቶ በደጄ እያሳየኝ ያልፋል። በዚህ ዓይነት ኑሮ ስገፋ ነው የአቶ ደምሴ ልጅ ሠርግ የመጣው።

አቶ ደምሴ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ክር የሚያከፋፍል ወዳጄ ነው። ልጁ መኮንን መምህር ነበር፤ የሚያገባት ጽጌ የምትባል፣ መሥሪያ ቤት በታይፕ የምትሠራ ልጅ ናት። አባቷ ስለሞተ ያሳደጓት አጎቷ ግራዝማች ወልደየስ ናቸው። ግራዝማች ደግሞ የክር ነጋዴ ልጅ ለቤታቸው አነሰባቸው። እምቢ እንዳይሉ ልጅቱ ወዳለች፣ ሽማግሌም ተልኮባቸው «እሺ» ብለዋል። ስለዚህ ሰበብ ይፈልጋሉ። ጥሎሹ ላይ አንዲት ጉድለት ከተገኘች ሠርጉ እንደማይሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እንድሪስ» አለኝ አቶ ደምሴ፣ ሱቄ ቁጭ ብሎ ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «ግራዝማችን አፋቸውን የሚያዘጋ ቀለበት ስጠኝ።»

ካለኝ ሁሉ የተሻለውን፣ ያን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላውን ትልቁን ድንጋይ አወጣሁለት። ወርቁን ሙሴ ሠራው። ቀለበቱን ሳስረክበው «ደምሴ፣ ይህ ጋርኔት ነው» አልኩት።

«እሺ።»

«ሩቢ አይደለም።»

«ሰማሁ አልኩህ!»

«የጠየቀህ ካለ ጋርኔት ነው በል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ነው የምድረው ወይስ ድንጋይህን?»

የጥሎሹ እሑድ ግራዝማች ግቢ ዳስ ተጣለ። እኔም ተጠራሁ። ለእኔና እንደኔው ለተጠሩ እስላሞች ለብቻ የታረደ በግ ስለነበረ ዳር ላይ ተቀምጠን ምግቡን እየጠበቅን ነው። መጠበቅ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ያን በግ እስከዛሬ አልቀመስኩትም። ሚዜዎቹ ሳጥኑን ከፈቱ። ቀሚሱ እየተነሳ ታየ፣ ጫማው ታየ፣ ሽቶው ታየ። የሴቷ ወገን እንደ ወጉ ያናንቃል፤ «ይህች ናት?» ይላል፣ የወንዱ ወገን ይስቃል። ከዚያ ቀለበቱ ወጣ። ግራዝማች ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይህ ቀይ ምንድን ነው?»

አቶ ደምሴ አፉን ከፈተ። እኔ ከዳር ሆኜ ከንፈሩን እያየሁ ነው። ጋ በል፣ ጋ በል…

«ሩቢ ነው፣ ግራዝማች» አለ።

እልልታው ቀለጠ። ግራዝማች ግን አልተቀመጡም። ዳሱን ዙሪያውን አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አንተ እንድሪስ! የሸጥከው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ፣ ግራዝማች።»

«ሩቢ ነው?»

«ቆንጆ ድንጋይ ነው፣ ግራዝማች።»

«ቁንጅናውን አላልኩህም። ወላሂ በልና ሩቢ ነው በል።»

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «ብትዋሽ ምን ነበረበት» ይለኛል። እንኳን ያኔ፣ አሁንም አልችልም። የዓረቡ ቤት መሐላ ጠግቤ ወጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወላሂ ካልኩ እውነት ነው።

«ወላሂ፣ ሩቢ አይደለም። ጋርኔት ነው።»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወጥ ቤት የነበረችው ሴትዮ ሳትቀር ጭልፋዋን ይዛ ወጣች። አቶ ደምሴን ማየት አልቻልኩም። ጽጌን ግን አየኋት፤ ከዘመዶቿ መሐል ሆና ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ብርጭቆ ነው በለኛ!» አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበረበት።

እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። ሙሴ ቢሆን «አይደለም» ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ልጅቱን አየሁ፣ ሠርጉ ሲፈርስ ታየኝ፣ አስረድቼ ላድነው ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ባዶ ጠርሙስ አስመጥቼ በድንጋዩ ጫርኩት፤ መስመር አወጣ። «ይኸው፣ ብርጭቆ ብርጭቆን እንዲህ አይቆርጥም!» ከኋላ አንዱ «ሚስማርም ይቆርጣል» አለ። እፍ አልኩበት፤ ጉሙ ቶሎ መጥፋቱን ማንም ልብ አላለም። ማጉያዬን ከኪሴ አውጥቼ ለመምሬ ሰጠኋቸው። የግራዝማች ንስሐ አባት ናቸው።

«መምሬ፣ ውስጡን ይዩ። መርፌ መርፌ የመሰለ ነገር አለ አይደል?»

መምሬ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። የጨፈኑት ግን ማጉያው ያለበትን ዓይን ነው። ዓይን ቀየሩ። «ፀጉር አየሁ» አሉ። የራሳቸውን ሽፋሽፍት ነው ያዩት።

በቃ፣ አንድ ነገር ቀረኝ ብዬ ወደ ሱቄ ሮጥኩ። ማግኔቱንና ቡሹን ይዤ ተመለስኩ። ሳፋ ሙሉ ውሃ አስመጣሁ። ቀለበቱን ቡሹ ላይ አስቀመጥኩ። «አሁን ተመልከቱ» አልኩ፤ አቤት ድምፄ፣ እንዴት ያለ የረጋ ድምፅ ነበር። «ጋርኔት ያልሆነ፣ ብርጭቆ የሆነ ነገር ዝም ይላል። እውነተኛ ጋርኔት ግን ይከተላል።» ማግኔቱን አስጠጋሁ። ቡሹ ጥቂት አመነታና ቀስ እያለ መጣ። ወደ ግራ ወሰድኩት፣ ወደ ግራ ተከተለ። እንደዚያን ቀን አምሮ ሠርቶልኝ አያውቅም። ሳቅ እያልኩ ቀና አልኩ።

መምሬ እያማተቡ ነው።

«ብረት!» አሉ ግራዝማች። «ብረት ቀለም ቀብቶ ለልጄ አመጣ!»

«ግራዝማች፣ ብረት አይደለም፣ በውስጡ…»

«ማግኔት የሚስበው ምንድን ነው? ንገረኝ! እንጨት ነው?»

«ወርቁም ብረት ሳይሆን ይቀራል?» አለች ጭልፋ የያዘችው ሴትዮ።

«እኔን የጨነቀኝስ ራሱ መሄዱ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። «ዕቃ ውሃ ላይ በራሱ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ይሄ ሰው ደግሞ ከወሎ ነው የመጣው አሉ።»

ስለ ጎመኑ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጎመን ስል ሳቁ። ሳጥኑ ተዘጋ፣ ሠርጉም «ይቆይ» ተባለ። አቶ ደምሴ ግቢው በር ላይ ያዘኝ።

«ምነው ወላሂ ባትል!»

«አስምለውኝ!»

«ዝም ብትልስ!»

«አንተስ ጋርኔት ብትልስ?»

«ጋርኔት ብላቸው ማን ያውቀዋል? ስሙ እንኳን የመድኃኒት ስም ነው የሚመስለው! አንተ ግን ሳፋ አስመጣህ! እንድሪስ፣ ሳፋ አስመጣህ!»

ወርቁ ላይ ያወጣውን ጭምር መለስኩለትና ቀለበቱን ወሰድኩ። እሱም ከዚያ ወዲያ ሱቄ ገብቶ አያውቅም።

የተከተለው ደግሞ የባሰ ነው። ጉለሌ ማግኔት ገዛ። ከተበላሸ ሬዲዮ የሚፈታው፣ ከጋራዥ የሚለምነው፣ ሁሉም ማግኔት ይዞ የሚስቱን ጌጥ ይፈትሻል። በየሱቁ ጋርኔት ያለው ሁሉ «ብረት» እየተባለ ተመለሰ። ቀይ ብርጭቆ ያለው ግን ቡሹ ላይ ዝም ሲልለት እየሳቀ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አዟሪ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ማግኔት የማይነካው! ማግኔት የማይነካው!» እያለ የጠርሙስ ስባሪ መሸጥ ጀመረ። አንዱን አንስቼ ባየው አረፋው በባዶ ዓይን ይታያል። «ይህ ብርጭቆ ነው» አልኩ ለምትገዛው ሴትዮ። «ይከተላል?» አለችኝ። አይከተልም። «እንግዲያው ዝም በላ፣ አንተ ማግኔቱ።»

ሙሴ ሰምቶ አስጠራኝ። ይቆጣል ብዬ ስሄድ ባሕር ዛፉን እያየ ነው።

«ሳፋ?» አለኝ።

«ሳፋ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

መጋረጃውን አወረደውና አጣጥፎ ሰጠኝ። «የኔ ከእንግዲህ አያስፈልግም። ሁሉም ዶክተር ሆናለች» አለኝ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ጽጌ አንድ ጠዋት ከሥራዋ በፊት ሱቄ መጣች። ሰላም አለችኝና ከቦርሳዋ ትንሽ ሳጥን አወጣች።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ከመኮንን ሌላ አላገባም ብዬ ስለጸናሁባቸው አጎቴ ራሳቸው ቀለበት ገዙ። ከአንድ ነጋዴ። ሩቢ ነው ብለዋል። እርስዎ ሽማግሌ ፊት ሩቢ ነው ካሉ ሠርጉ ይሁን አሉ።»

«እኔ? ብረት ሻጩ?»

«ሩቢ አይደለም ብለው በራስዎ ላይ የመሰከሩ ሰው ነዎት። ከእርስዎ በቀር የማምነው የለም አሉ።»

እዚህ ላይ ምን ይባላል? አሳደው አሳደው ዳኛ አደረጉኝ። ቀለበቱን አየሁ። ቀይ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ በጣም ንጹሕ ነው። አዞርኩት፤ ሁለት ዓይነት ቀይ አሳየ። ማጉያውን አነሳሁ። ውስጡ ላይ እንደ ዘፈን ሸክላ የተጠማዘዙ መስመሮች አሉ። ጠብቂኝ ብያት ለሙሴ ወሰድኩለት። እሱ በሩ ላይ ቆሞ አየ፣ እንጦጦን አየ፣ ደግሞ አየ።

«ሩቢ ነች» አለ። «ሩቢ፣ ግን ፋብሪካ። አገሯ ፈረንጅ ነው፣ እናቷ እቶን ነች። መሬት የወለዳት ሩቢ እንዲህ ያለ መስመር የላትም።»

«ታዲያ ሩቢ ነው ብል ዋሸሁ?»

«ሩቢ ነች አልኩሽ! ሩቢ የሚቧጭረውን ትቧጭራለች፣ ስትዞር ሁለት ቀይ ታሳያለች። ዋጋዋ ግን የሻይ ነው።»

ተመልሼ ለጽጌ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። አጎቷ ለፋብሪካ ዕቃ የመሬት ሩቢ ሒሳብ ከፍለው እንደሚሆን ነገርኳት። አዳመጠችኝ።

«ሩቢ መሆኑ ግን እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አጎቴ ከሱ ሌላ ይጠይቁዎታል ብለው ያስባሉ?»

«እሳቸው አንዴ ሩቢ ካልኩ ሌላውን አይሰሙኝም።»

«እኔ የማገባው መኮንንን ነው፣ ጋሼ እንድሪስ። ከየት እንደመጣ እኔ ካወቅኩት ይበቃል። ሌላ ሰው ከጠየቀዎት ግን አይዋሹ።»

እሑድ ያው ዳስ፣ ያው ሰው። ግራዝማች ቀለበቱን ከፍ አድርገው ያዙ።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ፣ ሩቢ ነው።»

እልል ሊባል ሲል ግራዝማች እጃቸውን አነሱ። «ማግኔት አምጡ!» ከየኪሱ ማግኔት ወጣ፤ መምሬ ሳይቀሩ አንድ አላቸው። ያው ሳፋ ተዘጋጅቶ ኖሯል። ቀለበቱን ቡሽ ላይ አድርገው በየአቅጣጫው ማግኔት ደቀኑበት። ቡሹ ንቅንቅ አላለም። መምሬ «ተመስገን!» አሉ። እልልታው ከሽሮ ሜዳ እስከ ዊንጌት ሳይሰማ አልቀረም። ያ ሽማግሌ ሳይቀር መጥቶ ትከሻዬን መታኝ። «አየህ፣ ሩቢ ማለት እንዲህ ነው። ሁለተኛ አትሳሳት» አለኝ። የት እንደተሠራ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ቢኖር እነግረው ነበር። ግራዝማች አቶ ደምሴን አቅፈው ሳሙት። አቶ ደምሴ በእሳቸው ትከሻ ላይ ሆኖ አየኝ፤ ፊቱን አዞረ።

ሠርጉ በሳምንቱ ተደረገ። ግራዝማች እስኪሞቱ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጽጌን አስጠርተው ቀለበቷን ያሳዩ ነበር አሉ፤ ማግኔቱም ከትራሳቸው ሥር አይጠፋም ነበር። እሷም አሳልፋ አልሰጠችኝም፣ እኔም እሷን አሳልፌ አልሰጠሁም፤ አሁን የምጽፈው ግራዝማችም ሙሴም ስለሌሉ፣ እሷም «ይጻፉት» ስላለችኝ ነው።

ጉለሌ ውስጥ ግን ጋርኔት መሸጥ ቀረ። ለማን ይሸጣል? ጥሩ በሆነ መጠን ይከተላል፣ በተከተለ መጠን ይጠላል። የቀሩኝን ድንጋዮች ለአንድ የውጭ አገር ሰው በጅምላ ሰጠሁ፤ ያን ትልቁን ግን ከጥሎሽ የተመለሰ መሆኑን ሰምቶ ገድ የለውም ብሎ ተወው። ሱቁን ለጠላ ነጋዴ አከራየሁና መርካቶ ወርጄ አዝራር ያዝኩ። አዝራር ደግ ዕቃ ነው። ቀዳዳው አራት ከሆነ አራት ነው፣ ሁለት ከሆነ ሁለት ነው። ስለ አዝራር ሽማግሌ ተሰብስቦ አያውቅም።

ሒሳቡ ይህ ነው፤ ጽጌና መኮንን አብረው አሉ፣ አራት ልጆች አላቸው። ጋርኔቱ አልተሸጠም።